የጸሐፊ እጅ ሲያርፍ

በደብረ ብርሃን ከምናስተምራቸው ልጆች አንዱ፣ «የቴሌቪዥኑን ድራማ የሚጽፈው ሰው ሥራ ቢያቆም የሚጎዳው ማን ነው?» ሲል ጠየቀን። እኛም የመንዝን ባና አስታወስነው፤ ፈታይዋ ካረፈች ሸማኔውም እጁን አጣጥፎ ይቀመጣልና።

በአሜሪካ 11,500 ያህል የፊልምና የቴሌቪዥን ጸሐፊዎች ሚያዝያ 24 ቀን 2015 ዓ.ም. ሥራ አቆሙ። የጠየቁትም ተገቢ ክፍያን፣ ደግሞም ሰው ሠራሽ አስተውሎት ሥራቸውን እንዳይነጥቃቸው ዋስትናን ነበር። አድማው 148 ቀን ቆይቶ በደመራ ዕለት፣ መስከረም 16 ቀን 2016 ዓ.ም. አበቃ።

በየዕለቱ የሚታዩት ተከታታይ ድራማዎች አስቀድሞ የተዘጋጀ ጽሑፍ ስለ ነበራቸው፣ በአንዳንዶቹም ሌሎች በምትክ ስለ ጻፉ፣ አልተቋረጡም። በሌሎቹ ዘንድ ግን አናጢው፣ ልብስ ሰፊው፣ ሾፌሩና ወጥ ቤቱ በጠቡ ሳይኖሩበት እንጀራቸው ተቋረጠ።

እንግዲህ ወላጆች ሆይ፣ ልጃችሁ ብዕር ቢያነሣ አትከልክሉት፤ ዋጋውን ግን ከሥራው በፊት በጽሑፍ ይዋዋል ዘንድ ምከሩት። አሠሪም የጸሐፊውን ዋጋ ሲያጓድል የአንድ ሰው ጉዳይ ብቻ አይምሰለው፤ ከዚያች ብዕር በስተኋላ የብዙ ቤት ምጣድ አለና።