ጭምት ሰው ስንት ነጥብ ያገኛል?

ከኮሜርስ ሲቲ መጋዘኖች እስከ ዴንቨር አውሮፕላን ማረፊያ ድረስ ሥራ የሚፈልግ የአገራችን ሰው ከማመልከቻው ቀጥሎ ብዙ ጊዜ አንድ መጠይቅ ይጠብቀዋል። «ከማላውቃቸው ሰዎች ጋር መጫወት ያስደስተኛል»፣ «ቶሎ አልበሳጭም»፣ «ሰው በተሰበሰበበት መሪ መሆን እወዳለሁ» ይላል። ከ«በጣም እስማማለሁ» እስከ «በጭራሽ አልስማማም» ካሉት አንዱን መርጦ ማለፍ ነው። ወጣቶቹ በስልካቸው ጠቅ ጠቅ አድርገው ይገላገሉታል። ዕድሜው ገፋ ያለው ግን እጁ ይያዛል። ራስን ማሞገስ ነውር ነው ተብሎ ያደገ ሰው «መሪ መሆን እወዳለሁ»ን በምን አፉ ይበል? መሐል ያለችውን «እርግጠኛ አይደለሁም» ይመርጥና ያልፋል። የማከብራቸው አንድ አባትማ «እኔ ስለ እኔ ምን ብዬ እመሰክራለሁ? ለምን ጎረቤቶቼን አይጠይቁም?» አሉኝ። ነገራቸው የሽሽት ይመስላል እንጂ ጥናቱ ከእሳቸው ጋር ነው፤ የሥራ ውጤትን ለመገመት ሰው ስለ ራሱ ከሚሞላው ይልቅ የሚያውቁት ሰዎች ስለ እሱ የሚሉት ይበልጥ ይጠቅማል።

የመጠይቁ ዘር ከመዝገበ ቃላት ይመዘዛል። በ1936 ጎርደን ኦልፖርትና ሄንሪ ኦድበርት የተባሉ አሜሪካውያን የዌብስተርን መዝገበ ቃላት አገላብጠው የሰውን ጠባይ የሚገልጹ ወደ 18,000 የሚጠጉ ቃላት ለቀሙ። እምነታቸው ቀላል ነበር፦ ሰው ከሰው ጋር ለመኖር ማወቅ ያለበትን ጠባይ ሁሉ ቋንቋ ስም ሳያወጣለት አይቀርም። ከእነሱ በኋላ የመጡት ደግሞ አብረው የሚሄዱትን ቃላት በስታቲስቲክስ እያሰሩ አምስት ነዶ ላይ ደረሱ። ለአዲስ ነገር ክፍት መሆን፣ ሥራን በሥርዓትና በኃላፊነት መያዝ፣ ተጫዋችነት፣ ከሰው ጋር መስማማት፣ ቶሎ የመጨነቅና የመከፋት ዝንባሌ። ዛሬ በስብዕና ጥናት ከሁሉ ይልቅ የሚሠራባቸው እነዚህ ናቸው። አምስቱም መለኪያ ናቸው፤ ሁሉም ሰው በእያንዳንዱ ላይ የሆነ ቦታ አለው፣ አብዛኛው ሕዝብም ወደ መካከሉ ነው።

እንግዲህ ጭምትን የት እናስቀምጠው? ሆደ ባሻን፣ ግልፍተኛን፣ ሆደ ሰፊን ያለ ብዙ ችግር ከአምስቱ አንዱ ጋር ማስጠጋት ይቻላል። ጭምት ሰው ግን በመጠይቁ ፊት የሚታየው ተጫዋችነት እንደጎደለው ሆኖ ነው። በእኛ ዘንድ ባልና ሚስት ሲጣሉ የሚጠራው፣ አደራ የሚጣልበት፣ አፉን ከመክፈቱ በፊት የሚያስበው እሱ ነው። ሳይንሱ ዝቅተኛ ነጥብ መጥፎ ነው አላለም፤ ይህን ማለት አለብኝ። ያለው ቀጣሪው ነው።

አምስቱ ለሰው ልጅ ሁሉ ይሠራሉ የሚለውም ቢሆን ጥያቄ ተነሥቶበታል። በቦሊቪያ ደን ውስጥ እያደኑና እያረሱ የሚኖሩ ችማኔ የተባሉ ሕዝቦች አሉ። ከእነሱ ውስጥ ከ600 የሚበልጡ ሰዎች ተጠይቀው በ2013 በወጣው ጥናት አምስቱ ነዶዎች አልታዩም። በምትካቸው ጎልተው የወጡት ሁለት ናቸው፦ ለሰው ደግ መሆንና ታታሪነት። ልጁን የሚድር የጎጃም ገበሬ ስለ ሙሽራው ከእነዚህ ከሁለቱ ሌላ ብዙ የሚጠይቅ አይመስለኝም።

ዴንቨር አጠገብ አውሮራ ያሉ ወጣቶቻችን ደግሞ አምስቱን ትተው በአራት ፊደል ይተዋወቃሉ። ይህ ማየርስ ብሪግስ የሚባለው ነው፤ በ1921 ከወጣው የካርል ዩንግ መጽሐፍ ተነሥተው ካትሪን ብሪግስና ልጇ ኢዛቤል ያዘጋጁት። እናትም ልጅም የሥነ ልቦና ትምህርት አልነበራቸውም። በአራት መስመር ሰውን ለ16 ሳጥን ያከፋፍላል፤ ከእያንዳንዱ መስመር በዚህ በኩል ነህ ወይም በዚያ በኩል፣ መካከል የለም። እኔን የሚያስቀኝ የወጣቶቻችን አያቶች ይህንን ከነሱ ቀድመው መሥራታቸው ነው። በኮከብ ቆጠራው መጽሐፍ በአውደ ነገሥት የሰውየውና የእናቱ ስም ፊደላት ተቆጥረው፣ በ12 እየተገደፉ፣ በቀረው ሐመል ወይም ሰውር ወይም ሌላ ኮከብ ይወጣለታል፤ ከእሳት፣ ከመሬት፣ ከነፋስ ወይም ከውሃ ይመደባል፤ ጠባዩም ይነበብለታል። አያቱን «ኋላ ቀር» ያለ ልጅ አራት ፊደሉን ለፍቅር ጓደኛ መፈለጊያ ገጹ ላይ ለጥፎ አየሁት። «ልክ እኔን ነው የሚለው» ለሚል ደግሞ የሥነ ልቦና መምህሩ በርትራም ፎረር በ1949 መልስ ሰጥቶታል። ለ39 ተማሪዎቹ ፈተና ሰጥቶ ለየብቻ የተጻፈ የሚመስል የጠባይ መግለጫ አደላቸው። ለትክክለኛነቱ ከ5 በአማካይ 4.26 ሰጡት። የሁሉም ወረቀት አንድ ዓይነት ነበር፤ ብዙውንም የለቀመው ከኮከብ ቆጠራ መጽሐፍ ነው።

ለእኔ ይበልጥ የሚገባኝ ግን የሥነ ልቦና ተመራማሪው ዋልተር ሚሼል ነው። በ1930 ቪየና ተወልዶ ናዚዎች ሲገቡ በልጅነቱ ከቤተሰቡ ጋር አሜሪካ የገባ ስደተኛ ነው። በ1968 ባወጣው መጽሐፍ፣ አንድ ሰው እዚህ ያሳየው ጠባይ እዚያ ከሚያሳየው ጋር ያለው ዝምድና ብዙ ጊዜ ከ0.30 አይዘልም ብሎ ሙያውን አመሰው። የተቃወሙትም ትክክል ነበሩ፤ የአንድ ቀኑን ትቶ የብዙ ቀኑን አማካይ ለወሰደ ሰው ጠባይ ጸንቶ ይታያል። ሚሼልም በበኩሉ ኋላ ከባልደረባው ከዩይቺ ሾዳ ጋር ሆኖ የተሻለ ሐሳብ አመጣ፦ የሰው ማንነት «እንዲህ ሲሆን እንዲህ ያደርጋል» በሚል ንድፍ ይገለጻል፤ ንድፉም ራሱ የጸና ነው።

የምናውቀውን ሰው በዚህ እንየው። ሌሊት መጋዘን ውስጥ የሥራ ባልደረቦቹ «ኳየት ነው» ይሉታል። ቅዳሜ ሃቫና ጎዳና ላይ ቡና ሲይዝ ጨዋታው እሱ ጋ ነው፤ በማኅበር ስብሰባ ላይማ እሱን ማስቆም ነው ችግሩ። የቱ ነው እውነተኛው? ሁለቱም ናቸው። አለቃ ባለበት፣ በሁለተኛ ቋንቋ፣ ዝም ይላል። ከእኩዮቹ ጋር፣ በአማርኛ፣ ይናገራል። እዚህ ኮሜርስ ሲቲ ብዙ ጎረቤቶቻችን ስፓኒሽ ተናጋሪ ናቸው፤ እንደ እነሱ ስፓኒሽና እንግሊዝኛ በሚናገሩ ሰዎች ላይ ተሠርቶ በ2006 የወጣ ጥናት ያንኑ መጠይቅ በሁለቱም ቋንቋ አስሞልቷቸው ነበር። በእንግሊዝኛ ሲሞሉ ተጫዋችነታቸው፣ ተስማሚነታቸውና ሥርዓታቸው ከፍ ብሎ ወጣ። ሰዎቹ ያው ናቸው። ስለዚህ ጠዋት በእንግሊዝኛ የተሞላ አንድ ቅጽ የሰውየውን ስብዕና ለካ ለሚለኝ አላምንም፤ ያንን ጠዋት ለክቷል።

ቅጽ አብረን እንሙላ ለሚሉኝ አንድ ነገር እነግራለሁ። በእያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ፊት በልባችሁ «ሥራ ላይ» የሚለውን ጨምሩበት። ተመራማሪዎቹ ራሳቸው ይህን አድርገው ፈተናው የሥራ ውጤትን የመገመት አቅሙ ከፍ ሲል አግኝተዋል። «ከማላውቃቸው ሰዎች ጋር መጫወት ያስደስተኛል» የሚለው ለእኚያ አባት ከባድ ነበር። «ሥራ ላይ» ሲጨመርበት ግን አገር ቤት ሱቅ ሲያስተዳድሩ የኖሩ ሰው ናቸው፤ ሳያመነቱ «በጣም እስማማለሁ» አሉና ወደሚቀጥለው አለፉ።