ሥርዓቱ ከስኩተሩ ይቅደም

የፓሪስ ነዋሪዎች እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 2 ቀን 2023 ድምፅ እንዲሰጡ የተጠሩት በአንድ ጥያቄ ላይ ነበር፤ በየመንገዱ የሚከራዩት የኤሌክትሪክ ስኩተሮች ይቀጥሉ ወይስ ይቅሩ? ድምፅ ከሰጡት 89 በመቶ ያህሉ «ይቅሩ» አሉ። ከንቲባዋ አን ኢዳልጎ ውጤቱን እንደሚያከብሩ አስቀድመው ቃል ገብተው ስለነበር፣ የላይም፣ የዶትና የቲየር ኩባንያዎች 15,000 ያህል ስኩተሮች እስከ ኦገስት ማብቂያ ከከተማዋ ተለቅመው ወጡ። በ2024 ደግሞ ማድሪድና ሜልበርን የኪራይ ስኩተርን አስወገዱ። ይህን የሰማ ብዙ ሰው «ስኩተርና ከተማ አብረው አይኖሩም» ወደሚል ድምዳሜ ሄዷል። በእኔ እምነት ግን ፓሪስን የጎዳት ቅደም ተከተሉ መዛባቱ ነው። መጀመሪያ ስኩተሩ ገባ፤ ሥርዓቱ ከሁለት ዓመት በኋላ ተከተለ። በዚያ መሐል የነዋሪው ትዕግሥት አለቀ።

ነገሩን በቅርብ ለተመለከተ፣ ፓሪስ በመጨረሻዎቹ ዓመታት ያወጣችው ደንብ ከብዙ ከተሞች የተሻለ ነበር። በ2018 ስኩተሮቹ ሲገቡ ማንም ፈቃድ አልጠየቀም፤ በዓመት ጊዜ ውስጥ ከአሥር የማያንሱ ኩባንያዎች 20,000 የሚደርሱ ስኩተሮችን በየእግረኛ መንገዱ በተኑ። በ2020 ከተማዋ ጨረታ አውጥታ ኩባንያዎቹን ወደ ሦስት፣ የእያንዳንዳቸውንም ድርሻ ወደ 5,000 ዝቅ አደረገች። 2,500 ያህል የማቆሚያ ቦታዎችን አዘጋጀች፤ ተጠቃሚው ጉዞውን ሲጨርስ ስኩተሩን የት እንዳቆመ በፎቶ እንዲያሳይም ተገደደ። በጁን 2021 በሴን ወንዝ ዳር አንዲት እግረኛ ሁለት ሰዎች በተፈናጠጡበት ስኩተር ተገጭታ ሕይወቷ ካለፈ በኋላ፣ በብዙ ሰፈሮች ፍጥነቱ በሰዓት ከ10 ኪሎ ሜትር እንዳያልፍ ተገደበ። ይህ ሁሉ ጥሩ ነበር፤ ግን ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው። ሰው ለድምፅ ሲወጣ በልቡ የያዘው የ2023ን የማቆሚያ ሥርዓት አልነበረም፤ በደጃፉ ተደራርበው የወደቁትን የ2018 ስኩተሮች ነበር።

በዚህ ላይ ሁለት ተቃውሞ ይነሣል። አንደኛው፣ ድምፅ የሰጠው ከተመዘገበው መራጭ 7.5 በመቶ ያህሉ ብቻ ነው፤ ስለዚህ ውሳኔው የከተማዋን ፍላጎት አያሳይም የሚል ነው። እርግጥ ነው፣ ቁጥሩ ትንሽ ነው። ነገር ግን አገልግሎቱን በየቀኑ የሚጠቀመው ሰው ለመከላከል ሳይወጣ፣ የተማረረው ግን እሑድ ቀን ተሰልፎ ከመረጠ፣ ይህ ራሱ የሚነግረን ነገር አለ፤ ስኩተሩ ደንበኛ እንጂ ወዳጅ አላፈራም። ሁለተኛው ተቃውሞ፣ አዲስ ነገር ሲመጣ ማዘጋጃ ቤት አስቀድሞ ደንብ ካወጣ ፈጠራውን ገና በእንጭጩ ይቀጨዋል ይላል። ለዚህ መልሱ ያለው በኩባንያዎቹ በራሳቸው ታሪክ ውስጥ ነው። ሥራውን በ2017 በካሊፎርኒያዋ ሳንታ ሞኒካ የጀመረው በርድ፣ በዓመት ገደማ ውስጥ 2 ቢሊዮን ዶላር ዋጋ ተሰጥቶት ነበር፤ በዲሴምበር 2023 ግን በአሜሪካ የኪሳራ ጥበቃ ጠየቀ። ተጠቃሚው ስልኩን ከፍቶ የሚያነሣው ቅርቡ ያለውን ስኩተር ነው። ስለዚህ ብዙ የበተነ ያሸንፋል፤ የሚበተንበት የእግረኛ መንገድ ደግሞ ኪራይ አይጠየቅበትም። ገደብ በሌለበት ሁሉም ከተፎካካሪው በላይ ለመበተን ይሽቀዳደማል፤ ከተማውም ይጨናነቃል፣ ኩባንያውም ይከስራል።

ሳን ፍራንሲስኮ ይህን ቶሎ ተረድታ ነበር። በማርች 2018 ሦስት ኩባንያዎች ሳይፈቀድላቸው ስኩተር ሲያፈሱ፣ ከተማዋ ደንብ አውጥታ በጁን ሁሉንም ከመንገድ አስነሣች። ከዚያ አመልካቾችን አወዳድራ ፈቃዱን የሰጠችው ያለ ፈቃድ ላልገቡት ለስኩትና ለስኪፕ ነበር፤ ሲጀምሩ የተፈቀደላቸው ለሁለቱ በድምሩ 1,250 ስኩተር ብቻ ነው። ደንብ ያከበረ ተጠቀመ፣ የቀደመ ወጣ። ለቀጣዩ አመልካች ከዚህ የበለጠ ግልጽ መልእክት ሊኖር አይችልም።

ደንቡ ምን ላይ ያተኩር ለሚለው፣ ብዙ ክርክር የሚደረገው ስለ ፍጥነት ነው። ፍጥነት ይገድላልና መገደብ አለበት። ዳሩ ግን የኪራይ ስኩተር ከሃያ አራቱ ሰዓት አብዛኛውን የሚያሳልፈው ቆሞ ነው። ነጭ በትር ይዞ የሚሄድ ማየት የተሳነው ሰው በትሩ የወደቀ ስኩተር እጀታ ሥር ሲሰነቀር፣ ወይም በዊልቸር የሚሄድ ሰው መንገዱ ተዘግቶበት ወደ መኪናው መሐል ሲወርድ፣ አደጋው ከሚሄደው ሳይሆን ከቆመው ነው የመጣው። በርካታ ወገኖቻችን በሚኖሩባት ዋሽንግተን ዲሲ ከኦክቶበር 2021 ጀምሮ የተወሰደው እርምጃ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። ተጠቃሚው ሲወርድ ከስኩተሩ ጋር የተያያዘውን ገመድ በብስክሌት ማሰሪያ ብረት ዙሪያ አሳልፎ ይቆልፋል፤ ሂሳቡን የሚዘጋው ከዚያ በኋላ ነው። የታሰረ ስኩተር በነፋስ አይወድቅም፣ ተራምዶም መሐል መንገድ አይገባም። እንከን የለውም አልልም፤ የሰው ደረጃ መደገፊያ ላይ የሚያስር አይጠፋም። ይሁን እንጂ ሸክሙን ከአላፊ አግዳሚው ላይ አንሥቶ ወደ ተጠቃሚውና ወደ ኩባንያው መልሶታል። ከተማዋ ከዚህም ሌላ፣ ኩባንያዎች ስኩተሮቻቸውን በስምንቱም ወረዳዎች እንዲያሰራጩና ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ ነዋሪዎች ቅናሽ እንዲያደርጉ ታስገድዳለች። ማታ ሬስቶራንት ውስጥ ሠርቶ አውቶቡስ ለሚያመልጠው ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ከሁሉ ጠንካራው ተቃውሞ ግን ከሌላ አቅጣጫ የሚመጣው ነው። መኪና ከስኩተር እጅግ የበለጠ ቦታ ይይዛል፣ እጅግ የበለጠ ሰውም ይገድላል፤ እሱን ዝም ብሎ ስኩተርን ማሳደድ ምን ይሉታል? ይህ እውነት ነው፣ ስለዚህም ነው ማቆሚያው ከእግረኛው ሳይሆን ከመኪናው ድርሻ መቀነስ ያለበት። አንድ መኪና በሚቆምበት ቦታ አሥር ያህል ስኩተር ይቆማል። ፓሪስም ማቆሚያዎቹን ያዘጋጀችው በአብዛኛው በዚህ መንገድ ነበር። ስኩተሮቹ ከወጡ በኋላ የሚከራዩት የኤሌክትሪክ ብስክሌቶች ቦታቸውን ወስደዋል፤ የማቆሚያው ጥያቄም አብሯቸው ቀርቷል። እገዳው ዕቃውን አስወገደ እንጂ የቦታውን ክርክር አልፈታም።

ይህ የሩቅ አገር ወሬ ብቻ አይደለም። አዲስ አበባ በኮሪደር ልማቱ የእግረኛና የብስክሌት መስመሮችን እየዘረጋች ነው፤ አገሪቱም በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከልክላ ፊቷን ወደ ኤሌክትሪክ አዙራለች። መንገዱም ኤሌክትሪኩም ባለበት የኪራይ ስኩተር በብዛት መምጣቱ አይቀርም። ዘግይቶ መከልከል ምን እንደሚያስከትልም እናውቃለን። ሞተር ሳይክል ለወንጀል መጠቀሚያ ሆኗል ተብሎ ከሰኔ 30 ቀን 2011 ዓ.ም. ጀምሮ ያለ ልዩ ፈቃድ በከተማዋ እንዳይንቀሳቀስ ሲታገድ፣ ከወንጀለኛው ጋር በሞተሩ እንጀራውን የሚጋግረው ወጣትም አብሮ ተመታ። ከቤት ወጥቶ ከሚጓዘው የአዲስ አበባ ሕዝብ ትልቁ ክፍል እግረኛ ነው፤ የእግረኛ መንገድ ለእሱ ጌጥ ሳይሆን ዋነኛው ትራንስፖርቱ ነው።

ስለዚህ የከተማው አስተዳደር የመጀመሪያው ኩባንያ ማመልከቻ ይዞ እስኪመጣ አይጠብቅ። በእያንዳንዱ ክፍለ ከተማ ስንት ስኩተር እንደሚፈቀድ፣ የት እንደሚቆምና በምን እንደሚታሰር፣ ለተያዘው የሕዝብ ቦታ ኩባንያው ስንት እንደሚከፍል፣ ሰው ሲጎዳ የማን ኢንሹራንስ እንደሚክስ የሚወስን መመሪያ አሁኑኑ ያውጣ። መመሪያው ሲረቀቅም የአካል ጉዳተኞች ማኅበራት ከጠረጴዛው ዙሪያ ይቀመጡ፤ መንገዱ ሲዘጋ መጀመሪያ የሚጎዱት የእነሱ አባላት ናቸው።