ውል በተዋዋዮች መካከል ሕግ ነው

«የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ» የሚለው ብሂል ሕዝባችን ለቃሉ የሚሰጠውን ክብር ያስረዳል። ይሁን እንጂ ቃል መስጠት፣ መስማማትና መዋዋል በዕለት ንግግር እንደ አንድ ነገር ስለሚቆጠሩ፣ ብዙ ሰው ሳያውቅ ሲታሰርና ታስሯል ያለውም ሲያመልጠው ይታያል። ስለዚህ «ውል» የተባለው ቃል በሕግ ዘንድ ያለውን ትርጉም መመርመር ተገቢ ሆኖ አግኝተነዋል።

በተራው አነጋገር ውል የክር ጫፍ ነው፤ ውሉ የጠፋ ልቃቂት አይፈታም። በ1952 ዓ.ም. የታወጀው የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1675 እንደሚያስረዳው ደግሞ፣ ውል በሁለት ወይም በብዙ ሰዎች መካከል ንብረት ነክ ግዴታን ለማቋቋም፣ ለመለወጥ ወይም ለማስቀረት የሚደረግ ስምምነት ነው። እንግዲህ ውል ሁሉ ስምምነት ሲሆን፣ ስምምነት ሁሉ ግን ውል አይደለም። ለግብዣ የተቃጠሩ ወዳጆች ተስማሙ ይባላል፤ በአንድ በሬ ዋጋ ተነጋግረው ሻጭና ገዢ የሆኑ ግን ተዋውለዋል።

ወረቀት ከሌለ ውል የለም የሚለው እምነትም ስሕተት ነው። ሕግ የተለየ አጻጻፍ ካላዘዘ በቀር የቃል ውል ይጸናል። ሆኖም የቤት ሽያጭን የመሰሉ የማይንቀሳቀስ ንብረት ውሎች፣ እንዲሁም የዋስትናና የመድን ውሎች በጽሑፍ መሆን አለባቸው፤ ተዋዋዮቹ ሊፈርሙባቸው፣ ሁለት ምስክሮችም ሊያረጋግጧቸው ይገባል። ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድርም በጽሑፍ፣ ወይም በፍርድ ቤት በተደረገ እምነት ወይም መሐላ ካልሆነ በቀር አይረጋገጥም። በምስክር ብቻ ተማምኖ ገንዘቡን ያበደረ ሰው እውነቱን ይዞ ሊረታ የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበን ማንበብ የማይችለው ወገናችን ነው። «እዚህ ላይ ጣትህን አሳርፍ» ሲባል ያሳርፋል፤ ዋስ ይሁን ባለዕዳ የሚያውቀው ሲከሰስ ነው። የሕጉ ቁጥር 1728 ግን ማንበብ የማይችሉና ዓይነ ስውራን የሆኑ ሰዎች የጣት ምልክት፣ በውል አዋዋይ፣ በመዝገብ ሹም ወይም በሥራው ላይ ባለ ዳኛ ፊት ካልተረጋገጠ እንደማያስገድዳቸው ይደነግጋል። ይህ ጋሻ የሚያገለግለው ለሚያውቀው ነው።

በሚገባ የተቋቋመ ውል ባቋቋሙት ሰዎች ላይ ሕግ መሆኑን ቁጥር 1731 ያስረዳል። ስሕተት፣ ተንኰል ወይም ኃይል ፈቃዱን ያበላሸበት ሰው ውሉ እንዲፈርስለት ሊጠይቅ ቢችልም፣ «ሳላነብ ፈረምሁ» ማለት ብቻውን አያድንም። ስለዚህ ፊደል የቆጠረ ላልቆጠረው ጽሑፉን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ያንብብለት፤ የማያነበውም ተነቦለት ሳይገባው ጣቱን አያሳርፍ እንላለን።