የግመሉ ደምና የተማሪው ጥያቄ

በጅግጅጋ፣ በቀብሪ በያህ ወይም በቶጎ ውጫሌ ላደገ ተማሪ ግመል ብርቅ እንስሳ አይደለም። ወተቱን ጠጥቷል፤ መንጋው ሲያልፍ ቆሞ አሳልፏል። ነገር ግን የዚህ እንስሳ ደም ለበሽታ መከላከያ ሳይንስ አዲስ በር እንደከፈተ ስንቶቻችን እናውቃለን?

ነገሩ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1989 ገደማ በብራስልስ ነጻ ዩኒቨርሲቲ፣ በፕሮፌሰር ሬይሞንድ ሐመርስ ቤተ ሙከራ ነው። ተማሪዎቻቸው በተግባር ትምህርት አንቲቦዲን ከደም ለይተው እንዲያወጡ ታዘዙ። ተማሪዎቹ ኤች አይ ቪን ፈርተው በሰው ደም መሥራትን ጠሉ፤ አይጥ መግደልንም አልወደዱም። በማቀዝቀዣው ውስጥ ግን ለትራይፓኖሶማ በሽታ ጥናት የተቀመጠ የግመል ሴረም ነበርና በእርሱ ሠሩ። ከሚጠበቀው አንቲቦዲ ጎን ሌላ፣ አነስ ያለ ዓይነት ታየ።

አንቲቦዲን የሚያመርቱ ሕዋሳት መነሻቸው በአጥንት መቅኔ ውስጥ ያሉ ስቴም ሴሎች ናቸው። የሰው አንቲቦዲ በሁለት ከባድና በሁለት ቀላል የፕሮቲን ሰንሰለቶች የተገነባ ነው። ከግመል አንቲቦዲዎች ከፊሎቹ ግን ቀላሉ ሰንሰለት የላቸውም። ባዕዱን አካል የሚይዘው ጫፋቸው ለብቻው ሲወሰድ የመደበኛውን አንቲቦዲ አንድ አሥረኛ ያህል ብቻ ስለሚመዝን ትልቁ ወደማይደርስበት ጠባብ ስፍራ ይገባል። ግኝቱ እ.ኤ.አ. በ1993 በኔቸር መጽሔት ታተመ። በዚሁ መሠረት የተሠራው ካፕላሲዙማብ፣ ለአንድ ብርቅ የደም መርጋት በሽታ የሚሰጥ መድኃኒት፣ እ.ኤ.አ. በ2018 በአውሮፓ ተፈቀደ።

ያ እንግዳ ውጤት «ናሙናው ተበላሽቷል» ተብሎ ቢጣል ኖሮ ይህ ሁሉ ባልተገኘ ነበር። በእኛ እምነት የሳይንቲስት ሙያ የሚለካው ባልተጠበቀው ውጤት ፊት በሚያሳየው ትዕግሥት ነው።

«ውድ መሣሪያ የለንም» የሚል መልስ እንደሚሰጠን እናውቃለን፤ እውነትም አለው። ይሁን እንጂ የመጀመሪያው እርምጃ የተራ ተግባር ትምህርት ነበር። ግመሉ፣ አርቢውና በሽታዎቹ ከደጃችን ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2007 ሥራ የጀመረው የጅግጅጋ ዩኒቨርሲቲም ከአርማወር ሐንሰን የምርምር ኢንስቲትዩት ጋር የሰውንና የእንስሳትን ጤና በአንድነት የሚያይ ትብብር መሥርቷል። ናሙና ወደ ሌላ አገር ልከን ውጤቱን ከሩቅ ከምንጠብቅ፣ ጥያቄው ከዚህ ይነሣ፤ ጠያቂውም የዚህ አገር ተማሪ ይሁን እንላለን።