መምህር እንደ ከብት አይቈጠርም

ባለፈው የሰሊጥ አጨዳ ሰሞን በዚህ በገለጉ በአንድ ሻይ ቤት ተቀምጬ ሳለሁ፥ ሁለት ወጣቶች ሲከራከሩ ሰማሁ። አንደኛው «በዩኒቨርሲቲ መምህራን ብዛት ኢትዮጵያ ሱዳንን ትበልጣለች» ይላል፤ ሁለተኛው «የለም፥ ሱዳን ቀድማን የተማረች አገር ናት» ይላል። በመጨረሻ «መምህር፥ እርስዎ ይፍረዱን» አሉኝ። እኔም አልፈርድም አልሁ። ለምን እንዳልፈረድሁ ግን ለእናንተ ለወጣት አንባቢዎቼ መናገር ይገባኛል።

ልጅ ሳለሁ በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሒሳብ ያስተማሩኝ ሰው «ላምና ፍየል በአንድ አትደምሩ» ይሉን ነበር። የመምህራን ቍጥር የሚባለው ግን ይህንኑ ይደምራል። ትናንት በመጀመሪያ ዲግሪ ተመርቆ ዛሬ በረዳት ምሩቅነት የተቀጠረው ልጅ አንድ ነው፤ ሠላሳ ዓመት የመረመረና የጻፈ ሊቅም ያው አንድ ነው። ደግሞስ ሕዝቡን ሳያዩ መምህሩን ብቻ መቍጠር ምን ይረባል? የእኛ ሕዝብ ከ100 ሚሊዮን በላይ ነው፤ የሱዳን ወደ 50 ሚሊዮን ይጠጋል። እንግዲህ እነርሱ አንድ መምህር ሲያቆሙ እኛ ሁለት ብናቆም፥ ተስተካከልን እንጂ በለጥን አይባልም።

ታሪኩም ለትምክሕት አይመችም። በካርቱም የጎርዶን ኮሌጅ በ1895 ዓ.ም. ተከፍቶ፥ ቀስ በቀስ አድጎ በ1948 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲ ሆነ። የእኛ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ማስተማር የጀመረው በ1943 ዓ.ም. ነው፤ ዩኒቨርሲቲ የተባለውም በ1954 ዓ.ም. ነው። ከ1982 ዓ.ም. በኋላ ሱዳን ዩኒቨርሲቲዎቿን በጥቂት ዓመታት አበዛች፤ የማስተማሪያውንም ቋንቋ ወደ ዐረብኛ አዞረች፤ ብዙዎች ሊቃውንቷ ግን አገር ለቀው ሄዱ። እኛም በ1987 ዓ.ም. አዲስ አበባና ዓለማያ ብቻ የነበሩንን፥ ዛሬ የመንግሥቶቹን ብቻ ከ40 በላይ አደረስን። ሕንፃ በሦስት ዓመት ይቆማል። መምህር ግን 12 ዓመት በትምህርት ቤት፥ 4 ዓመት ለመጀመሪያው፥ 2 ዓመት ለሁለተኛው፥ 4 ዓመት ለሦስተኛው ዲግሪ፥ በጠቅላላው 22 ዓመት ይፈልጋል።

በ22 ዓመት የተሠራውም በአንድ ቀን ይበተናል። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በካርቱም ጦርነት በተነሣ ጊዜ ይህን አየን። በመተማ በኩል ከገቡት ስደተኞች መካከል ብዙ ዘመን ያስተማሩ አንድ ሽማግሌ አገኘሁና «ስንት መምህራን ነበራችሁ?» ብዬ ጠየቅኋቸው። «ስንቶቻችን ዛሬ እያስተማርን እንደ ሆነ ጠይቀኝ» አሉኝ።

እኛስ? መምህር የሚበተነው በጥይት ብቻ አይደለም፤ በችግርና በንቀትም ይበተናል። በኅዳር 2015 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ መምህራን ደመወዛችን አያኖረንም ብለው ሥራ አቁመው ነበር። እኛም አንድ ሰው «መምህር ነኝ» ቢለን «ሌላ ሥራ አጥተህ ነው?» እንላለን።

ይህን ስል እኔም ከበደለኞቹ አንዱ ነኝ። በሒሳብ ከእኔ ከመምህሩ የሚበልጥ አንድ ተማሪ ነበረኝ። ምኞቱ እስከ መጨረሻ ተምሮ በዩኒቨርሲቲ ማስተማር ነበር። እኔ ግን በገዛ ድህነቴ ተማርሬ «ከጠመኔ አቧራ በቀር ምን ታገኛለህ?» አልሁት። ሰማኝ። ዛሬ የሰሊጥ ነጋዴ ነው፤ መንገድ ላይ ባገኘኝ ቍጥር ዝቅ ብሎ እጅ ይነሣኛል፤ ያመሰግነኛልም። ንግድ ነውር አይደለም፤ ምስጋናው ግን ያሳፍረኛል። የመምህራን ቍጥር ሲነሣ፥ ከዚያ ውስጥ አንዱን ያጐደልሁት እኔ መሆኔን ዐውቃለሁ።

ስለዚህ ወጣቶች ሆይ፥ ከሱዳን ጋር በቍጥር አትፎካከሩ፤ የጎረቤት ኪሳራ ለእኛ ትርፍ አይሆንም። ይልቅስ በአገራችን ያን 22 ዓመት የሚጨርስ፥ ጨርሶም ከክፍሉ የማይወጣ ሰው ስንት እንደ ሆነ ጠይቁ። ከእናንተም መካከል ማስተማር የምትወዱ ብትኖሩ፥ እኔ ለዚያ ልጅ የነገርሁትን የሚነግራችሁን ሰው አትስሙት፤ ሽማግሌም ቢሆን፥ መምህርም ቢሆን።