የኒጀር ዩራኒየም፦ ማዕድኑ ሲጓዝ ለአርብቶ አደሩ ምን ይቀራል?

በሰሜን ኒጀር በረሃ ውስጥ የምትገኘው የአርሊት ከተማ የተቆረቆረችው በዩራኒየም ምክንያት ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1960ዎቹ መገባደጃ ማዕድን ማውጫ ባይቋቋም ኖሮ ቦታው ዛሬም የቱዋሬግ አርብቶ አደሮች ግመልና ፍየል እየነዱ የሚያልፉበት በረሃ በኾነ ነበር። ሶማይር የተባለው ኩባንያ በ1971 ማምረት ከጀመረ ወዲህ ከዚያ የወጣው ዩራኒየም የፈረንሳይን የኑክሌር ኃይል ማመንጫዎች ሲመግብ ኖሯል። በኒጀር ግን ኤሌክትሪክ የሚያገኘው ከአምስት ሰው አንዱ ገደማ ብቻ ነው። ማዕድን ማውጫዎቹ ራሳቸው ሲሠሩ የኖሩት በአካባቢው ከሚወጣ የድንጋይ ከሰል በሚመነጭ ኃይል ነው።

በሐምሌ 2023 ሥልጣን የያዘው ወታደራዊ መንግሥት ይህን ቁጭት ይዞ ተነሥቷል። በ2024 ኢሙራረን የተባለውን ግዙፍ ክምችት የማልማት ፈቃድ ከፈረንሳዩ ኦራኖ ነጠቀ። በሰኔ 2025 ደግሞ ኦራኖ 63.4 በመቶ ድርሻ የነበረውን ሶማይርን የመንግሥት ንብረት አደረገ። ኦራኖም ጉዳዩን ወደ ዓለም አቀፍ የግልግል ዳኝነት ወስዷል።

የባለቤትነት ጥያቄው ፍትሐዊነት አለው፤ ገበያውን ግን ብቻውን አይፈታም። ምርቱ ቀድሞ በጭነት መኪና ወደ ቤኒን ኮቶኑ ወደብ ይጓዝ ነበር። ከመፈንቅለ መንግሥቱ በኋላ ድንበሩ ሲዘጋ የተመረተው ክምችት አርሊት ላይ ቆመ። ወደብ አልባነት ምን ማለት እንደኾነ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ማስረዳት አያሻም።

ዋጋውም የሚታመን አይደለም። በ2007 አንድ ፓውንድ የዩራኒየም ምርት ከ130 ዶላር በላይ ተሽጧል። በ2011 የጃፓኑ የፉኩሺማ አደጋ ከደረሰ በኋላ ግን ገበያው እየወረደ ሄዶ በ2016 ከ20 ዶላር በታች ወረደ፤ በ2024 መጀመሪያ ደግሞ ከ100 ዶላር በላይ ደረሰ። ዋጋ ሲወደድ ዘርቶ ሲረክስ የሚያጭድ ገበሬ ችግሩን ያውቀዋል። በማላዊ በ2009 ሥራ የጀመረው የካየለከራ ማዕድን ማውጫ በ2014 የቆመው በዚሁ የዋጋ መውደቅ ሲኾን ዳግም ወደ ምርት የተመለሰው በ2025 ነው።

ከዋጋው ይልቅ ሊታሰብበት የሚገባው ግን ውኃው ነው። የአርሊት አካባቢ ማውጫዎች ለአሥርት ዓመታት የተጠቀሙት ዝናብ በማይተካው ጥንታዊ የከርሰ ምድር ውኃ ነው። ግሪንፒስ የተባለው የአካባቢ ጥበቃ ድርጅት በ2010 ባወጣው ሪፖርት በ40 ዓመታት ውስጥ 270 ቢሊዮን ሊትር ውኃ ጥቅም ላይ መዋሉን ገልጿል። ጉድጓድ ከጉድጓድ እያዳረሰ ከብቱን የሚያጠጣ አርብቶ አደር ይህን ቁጥር በራሱ መለኪያ ይረዳዋል።

ሁለተኛው ቅርስ ዝቃጩ ነው። ዩራኒየሙ ከተፈጨው አለት ተለይቶ ሲወጣ አብዛኛው ጨረር አመንጪ ንጥረ ነገር ከተረፈው ዝቃጭ ጋር ይቀራል። በአርሊት አቅራቢያ የሚገኘው የአኩታ የምድር ውስጥ ማውጫ ከ40 ዓመታት በላይ ሠርቶ፣ 75 ሺህ ቶን ገደማ ዩራኒየም ሰጥቶ በመጋቢት 2021 ተዘጋ። ወደ 600 የሚጠጉ ሠራተኞች ሥራቸውን አጡ። 20 ሚሊዮን ቶን የሚደርስ ዝቃጭ ግን ነፋስ በሚበረታበት በዚያው በረሃ ተከምሮ ቀርቷል።

ነገሩ በሁሉም ቦታ አንድ ዓይነት አይደለም። ከዓለም ግንባር ቀደም አምራቾች አንዷ በኾነችው ናሚቢያ የሚገኘው የሮሲንግ ማዕድን ከአንድ ቶን አለት የሚሰጠው ጥቂት መቶ ግራም ዩራኒየም ነው፤ የሚፈጨው አለትና የሚፈልገው ውኃም የዚያን ያህል ይበዛል። በናሚብ በረሃ ዳርቻ በ2010 ሥራ የጀመረው የባሕር ውኃን ጨው አልባ የማድረጊያ ጣቢያ የተሠራው ለአንድ የዩራኒየም ማውጫ ነበር። ያ ማውጫ በሙሉ አቅሙ ሳይሠራ ቢቆምም ጣቢያው ለሌሎች ማውጫዎችና ለባሕር ዳርቻው ነዋሪዎች ውኃ ያቀርባል። ከማዕድን ሥራ ለኅብረተሰቡ የተረፈ ጠቃሚ ሀብት ቢባል ይህ ነው። ኾኖም ናሚቢያም ብትኾን የራሷ የኑክሌር ኃይል ማመንጫ የላትም፤ የምትሸጠው ቢጫውን ዱቄት ነው። በአፍሪካ የሚሠራው ብቸኛ የኑክሌር ኃይል ማመንጫ በደቡብ አፍሪካ የሚገኘው ኮበርግ ነው።

ናሚቢያ ያላት ባሕር ግን ለኒጀር የለም። ሶማይርን የተረከበው መንግሥት ከማዕድኑ ጋር ክፍት ጉድጓዱን፣ ዝቃጩንና የውኃ ዕዳውንም ተረክቧል። ቀድሞ የአርሊት ነዋሪዎች ስለ ውኃቸውና ስለ አቧራው አቤት የሚሉት ለፈረንሳዩ ኩባንያ ነበር፤ አሁን ተጠያቂው ኒያሜ ያለው የራሳቸው መንግሥት ነው።