መብት በውሳኔ ይጻፋል፤ በትግል ይጠበቃል

የትምህርት ዕድል ከሥልጣንና ከሀብት ክፍፍል ተነጥሎ ሊታይ አይችልም። ዩኒቨርሲቲዎች ለጥቁር ተማሪዎች ያደረጉት ድጋፍ ከአስተዳዳሪዎች ቸርነት የመነጨ አስመስሎ የሚቀርበውን አተረጓጎም የማንቀበለውም በዚሁ ምክንያት ነው። በአሜሪካ የሚገኘው የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ታሪክ ለዚህ በቂ ማስረጃ ነው።

የዲትሮይት የመኪና ፋብሪካዎች በብዙ ሺህ ጥቁር ሠራተኞች ጉልበት ይንቀሳቀሱ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1970 ከክፍለ ግዛቱ ሕዝብ መካከል ጥቁሮች ከመቶ 11 ያህል ሲሆኑ፣ በዩኒቨርሲቲው ግን ከመቶ 5 እንኳ አይሞሉም ነበር። ግብር ከፋዩ ሠርቶ አደር ባቆመው ተቋም የገዛ ልጆቹ ባይተዋር ሆነው ነበር ማለት ነው።

ተማሪዎቹ በየግል በማማረር አልተወሰኑም። «የጥቁሮች የተግባር ንቅናቄ» በሚል ስም ተደራጅተው እስከ 1973/74 የትምህርት ዘመን ቁጥራቸው ከመቶ 10 እንዲደርስ፣ የገንዘብ ርዳታና የትምህርት ድጋፍም እንዲመደብ ጠየቁ። አጥጋቢ መልስ ሲነፈጋቸው በማርች 1970 የትምህርት ማቆም አድማ መቱ።

እዚህ ላይ ልናሰምርበት የሚገባ ቁም ነገር አለ። በማኅበር የተደራጁ የዩኒቨርሲቲው ሠራተኞችም ከተማሪዎቹ ጎን ተሰለፉ። ምግብ የሚያበስለው ሠራተኛ ሥራ ሲያቆም ዩኒቨርሲቲው በማን ጉልበት እንደሚኖር ግልጽ ሆነ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንዲሉ፣ አስተዳደሩ በኤፕሪል መባቻ ለከመቶ 10ሩ ግብ የሚያስፈልገውን ገንዘብ ለመመደብ ተስማማ። የአፍሪካውያን አሜሪካውያንና የአፍሪካ ጥናት ማዕከልም በዚያው ዓመት ተቋቋመ።

ይሁን እንጂ ቃል ሌላ፣ ተግባር ሌላ ሆነ። ግቡ በተባለው ጊዜ ስላልተደረሰበት ተማሪዎቹ በ1975 እና በ1987 እንደገና ለመነሳት ተገደዱ። በ2006 በክፍለ ግዛቱ የተካሄደው ሕዝበ ውሳኔ በተማሪዎች ቅበላ ዘርን ከግምት ማስገባትን ከለከለ። ያን ጊዜ ከመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎች መካከል ከመቶ 7 ያህል የነበሩት ጥቁሮች በ2021 ወደ ከመቶ 4 አቆለቆሉ። በጁን 2023 ደግሞ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ክልከላውን በአገር አቀፍ ደረጃ አጸናው።

«ሁሉም በአንድ ዓይን ይታይ» የሚለው መከራከሪያ ላይ ላዩን ሲያዩት ፍትሐዊ ይመስላል። ነገር ግን አንዱ ታስሮ በቆየበት ሩጫ፣ መጨረሻ ላይ ገመዱን ፈትቶ «እኩል ናችሁ» ማለት የቀድሞውን ብልጫ ማጽናት እንጂ እኩልነት አይደለም።

ከዚህ የምንቀስመው ትምህርት ግልጽ ነው። በተደራጀ ክንድ የተገኘ መብት፣ ክንዱ ሲላላ በብዕር ይሰረዛል። ስለሆነም በማኅበር የታቀፈ ሁሉ ውሳኔ በተፈረመ ማግስት ወደየቤቱ ሊበተን አይገባውም፤ የውሳኔውን አፈጻጸም ከዓመት እስከ ዓመት በንቃት መከታተል ይኖርበታል።